ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፦ ቢጫው ቅጽ ለቬፕም ይከፈት

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በቬፕ (በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ምክንያት የሚታመሙ ወጣቶች ሕመማቸውን ሳይፈሩ የሚናገሩበትና ጉዳቱ የሚመዘገብበት መንገድ እንዲበጅ ስለመጠየቅ

ይህን ጥያቄ በመደበኛው መንገድ መዝገብ ቤት አስገብቼ ቁጥር ማሰጠት እችል ነበር። በአደባባይ የጻፍኩት የጉዳዩ ግማሽ የእናንተ ቢሆንም ቀሪው ግማሽ የክሊኒክ ባለሙያዎች፣ የወላጆችና የራሳቸው የወጣቶቹ ስለሆነ ነው። እነሱ ደግሞ መዝገብ ቤት አይገቡም።

ፋርማሲስት ነኝ። የምሠራው ሀይሌ ጋርመንት ባለች አንዲት አነስተኛ መድኃኒት ቤት ነው። የአትክልት ገበያው በ2013 ዓ.ም. ከጃን ሜዳ ተነሥቶ እዚህ ከመጣ ወዲህ ሰፈሩ እንቅልፍ የለውም። ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነው አይሱዙ ገና ሳይነጋ ይደርሳል፤ ወዛደሩ አራግፎ ሲጨርስ ተማሪው ይተካል፤ ከዚያ የጀሞ፣ የለቡና የሀና ማርያም ታክሲ ጠባቂ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱን ሲያመው መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ እኛ ነው። ካርድ ማውጣት የለም፣ ወረፋ የለም። «ዶክተርዬ፣ እስቲ ለዚህ የሚሆን ነገር» ካለ ይበቃዋል። ስለዚህ ሰፈሩን አዲስ ሕመም ሲነካው ከጤና ጣቢያው መዝገብ በፊት የኔ መደርደሪያ ያውቀዋል።

መደርደሪያው አሁን የሚነግረኝ ይህን ነው። ጉንፋን በሌለበት ወር የሳል ሽሮፕ የሚጠይቁ፣ ጨጓራ በማይጠበቅበት ዕድሜ ኦሜፕራዞል የሚገዙ፣ የራስ ምታት ክኒን በሳምንት የሚጨርሱ ልጆች ይመጣሉ። የሚሉት ይመሳሰላል። አፌ ይደርቃል። ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሸኛል። ልቤ ያለ ምክንያት ድው ድው ይላል። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ከእነዚህ ውስጥ ንግግሩን «ቬፕ አጨሳለሁ» ብሎ የጀመረ አንድም አላጋጠመኝም። ጠይቄ፣ ደግሜ ጠይቄ፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቄ ነው የማገኘው።

ሕግ እንዳለ አውቃለሁ። ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትም፣ ማስገባትም፣ መሸጥም ከልክሏል። ሺሻም፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም አብረው ተከልክለዋል። ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ፣ ሲጋራ በፍሬ እንዳይቸረቸር፣ ከፓኮው ገጽ 70 በመቶው ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ያዘዘውም ይኸው አዋጅ ነው። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. ካጸደቀች በኋላ ብዙ ተለፍቶበት የወጣ ሕግ ነው፤ በአፍሪካ ከጠንካራዎቹ አንዱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክልከላውን እደግፋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምለው አንዳንድ የተማሩ ወዳጆቼ «እንግሊዝ አገር እኮ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይመክሩታል» ስለሚሉኝ ነው። እውነታቸውን ነው። የእንግሊዝ ጤና አገልግሎት ለአጫሾች ከሲጋራ መላቀቂያ አድርጎ ያቀርበዋል። ለብዙ ዓመት ያጨሰ ሰው ሲጋራውን ጨርሶ ትቶ ወደ ቬፕ ቢዞር ከሚቃጠለው ትምባሆ ሬንጅና ከካርቦን ሞኖክሳይድ ይድናል፤ ይህን አልክድም። ዕቃውንም ለዛሬው መልክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ ፋርማሲስት ነው፤ ራሱ ከባድ አጫሽ የነበረ፣ አባቱን በሳንባ ካንሰር ያጣ ሰው። የሙያ ባልደረባዬ ያሰበው ለአጫሽ ነበር። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን አጫሽ በበዛበት አገር ነው። በእኛ አገር በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው ከ100 አዋቂ 5ቱ ነበር። ወደኔ የሚመጣው ልጅ ከሲጋራ ለመውጣት ቬፕ የያዘ ሳይሆን ሲጋራ ከንፈሩን ነክቶት የማያውቅ ነው። እንግሊዝ ራሷም ከግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተጠቅመው የሚጥሉትን ቬፕ ከገበያ አግዳለች። የማንጎ ጣዕም ለአዛውንት አጫሽ ተብሎ እንደማይቀመም እነሱም ደርሰውበታል።

እና ቅሬታዬ አዋጁ ላይ አይደለም። አዋጁ ሻጩን ይከለክላል፤ ገዢው ሲታመም የት ሄዶ ምን እንደሚል ግን የነገረው የለም። ዕቃው ስለተከለከለ አልጠፋም። በቴሌግራም ይሸጣል፣ በሞተር ይደርሳል፣ ከስልክ መሸፈኛ ጀርባ ይወጣል። (የማን ሱቅ እንደሆነ እንድጠቁም የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ደብዳቤው ለዚያ አልተጻፈም፣ የምኖረውም እዚሁ ሰፈር ነው።) ወጣቱ ደግሞ ክልከላን የሚያውቀው በአዋጅ ቁጥር ሳይሆን ሺሻ ቤት ሲወረርና ዕቃው ሜዳ ላይ ሲቃጠል በማየት ነው። ያን ያየ ልጅ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ሲጠይቀው የሚታሰበው ነገር ሕክምና አይደለም። «ከተናገርኩ ያስይዙኛል» ነው።

አንዱን ላጫውታችሁ፤ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ የሚለየውን ነገር ትቻለሁ። እናትና ልጅ ናቸው። ልጁ አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። እናትየው በያዙት ፌስታል ውስጥ የአንድ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ወረቀትና ግማሹ ያለቀ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ አለ። «የኔ ልጅ፣ ታይፎይዱ አልለቀው አለ፤ ጠንከር ያለ ስጪን» አሉኝ። ወረቀቱን አየሁት፤ ዊዳል ነው፤ ስንቱን ጤነኛ ታይፎይድ እያለ የሚያስቸግረን ምርመራ። ትኩሳት ነበረው? የለም። ሆድ ቁርጠት? የለም። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ማዞር፣ ላብ። የልጁ ፊት ገርጥቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ ሲናገር ግን ከአፉ የሚወጣው የማንጎ ጁስ ሽታ ነው።

እናትየውን ወንበር ላይ አስቀምጬ «ግፊቱን ልየው» ብዬ ልጁን ወደ ውስጥ አስገባሁት። መለኪያውን ክንዱ ላይ እያሰርኩ «የምን ጣዕም ነው?» አልኩት። ዝም አለ። የልብ ምቱ ተቀምጦ እያለ በደቂቃ ከ110 በላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ አወጣው። መዳፍ ውስጥ ድብቅ የሚል፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ለማያውቅ ሰው የስልክ ቻርጀር የሚመስል ዕቃ ነው። ጎኑ ላይ 10 ሚሊ ሊትር፣ ከሥሩ ደግሞ 5% ይላል። «አምስት ፐርሰንት ብቻ እኮ ነው ዶክተር» አለኝ። ይህን ያለኝ ከልቡ ነው። ጓደኞቹም እንዲሁ ያምናሉ።

ከዚህ 5 በመቶ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ልጆቹን የሚያታልላቸው እሱ ነውና። 5 በመቶ ማለት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊግራም ኒኮቲን ማለት ነው። በ10 ሚሊ ሊትር 500 ሚሊግራም ይሆናል። ከአንድ ፍሬ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። 500ው ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ማለቴ አይደለም። ግን የአውሮፓ ኅብረት ዕቃው በሕግ እንዲሸጥ ፈቅዶ እንኳ ከፍተኛውን መጠን በሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም፣ የሚይዘውን ፈሳሽ 2 ሚሊ ሊትር አድርጎ ገድቦታል። እኛ ጋ ከልክለነዋልና ወሰን የለውም። ደግሞም ሲጋራ ሲያልቅ ጣት ያቃጥላል፣ መጣል ግድ ነው፤ ይሄኛው አያልቅም። ልጁ ፊልም እያየ፣ ስልኩን እየነካካ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ይስበዋል። በአዲሶቹ ዕቃዎች ውስጥ ኒኮቲኑ ከአሲድ ጋር ተዋሕዶ ጨው ስለሆነ ጉሮሮን አይለበልብም፤ ሰውነት «በቃህ» የሚልበት የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። ሁለተኛው በር ማቅለሽለሹ፣ ላቡና የልብ ምቱ ነው። ልጁ «ታይፎይድ» የተባለው በዚህ በር ነው።

የአፍና የጉሮሮ ድርቀቱ ምክንያት ሌላ ነው። የፈሳሹ አብዛኛው ክፍል ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ ሁለቱም ያገኙትን እርጥበት ይስባሉ፤ በበጋው የአዲስ አበባ ደረቅ አየር ደግሞ ይብሳል። ፈሳሹ እያለቀ ሽቦው ሲግል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይፈጠራሉ፤ ልጆቹ «የተቃጠለ ጥጥ ጣዕም» የሚሉት ምልክቱ ነው። ከሽቦውና ከብየዳው ኒኬል፣ ክሮሚየምና እርሳስ ወደ እንፋሎቱ እንደሚገቡም ተለክቶ ታውቋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ግን የመብዛቱና የመቅረቱ ምልክት መመሳሰል ነው። ኒኮቲን ሲበዛ ራስ ያማል፤ ሲቀርም ራስ ያማል። ሲበዛ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሲቀርም እንዲሁ። ኒኮቲን በደም ውስጥ ግማሹ የሚጠፋው በ2 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልጁ ጠዋት ሲነሣ የሚሰማው ብስጭትና ማቅለሽለሽ የሌሊቱ ዕዳ ነው፤ እሱ ግን አንዴ ሲስብ ስለሚለቀው ዕቃውን መድኃኒቱ ያደርገዋል። እኔ ኦሜፕራዞል እሸጥለታለሁ፣ ክሊኒኩ ሲፕሮ ይጽፍለታል፣ እናቱ ጠበል ያመላልሱታል። የሚያሳምመው ነገር ኪሱ ውስጥ ነው።

በዚህ ላይ የአገራችንን ጠባይ ጨምሩበት። ጫት ልብን ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ኒኮቲንም ያንኑ ያደርጋል። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ልጅ «ልቤ ልትወጣ ነው» ብሎ ሲመጣ አጋንኖ አይደለም። ቡናም አለ። ይሄኛውን ብዙ የጤና ባለሙያም አያነሣውም። የሚያጨስ ሰው ጉበት ቡናን ከሌላው ሰው ቶሎ ያስወግዳል፤ ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን የሚቃጠለው የትምባሆ ጭስ ነው። ሰውየው ሲጋራውን ትቶ ቬፕ ሲይዝ ጭሱ ይቀራል፣ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የሚጠጣው ያው የለመደው ቡና ግን በደሙ ውስጥ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ቬፑን ይረግማል። ለአስም ቴኦፊሊን፣ ለአእምሮ ሕመም ክሎዛፒን ወይም ኦላንዛፒን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ከእንቅልፍ ማጣት ያልፋል፤ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ሐኪሙ ይህን እንዲያውቅ ታማሚው መናገር አለበት። ታማሚው ደግሞ ፈርቷል።

መናገር ምን እንደሚያደርግ አሜሪካ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት ዊስኮንሲንና ኢሊኖይ ውስጥ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ሳንባቸው ታፍኖ ሆስፒታል መግባት ጀመሩ። መጀመሪያ የሳንባ ምች ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጣቸው ነበር። ሐኪሞች ቬፕ ማጨሳቸውን መጠየቅ ሲጀምሩ ነገሩ ተገጣጠመ። እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 2020 አጋማሽ ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፤ ከእነሱ 68ቱ ሞተዋል። ዋናው ተጠርጣሪ ቫይታሚን ኢ አሴቴት ሆኖ ተገኘ፤ የካናቢስ ቅመም ባላቸውና በአብዛኛው ከሕጋዊ ገበያ ውጭ በተገዙ ዕቃዎች ውስጥ ማወፈሪያ ተብሎ የተጨመረ ዘይት። ይህ የታወቀው ታማሚዎቹ ምን እንዳጨሱና ከየት እንደገዙ ስለተናገሩ፣ የተረፈውን ፈሳሽም ለላቦራቶሪ ስለሰጡ ነው። ልብ በሉልኝ፤ እዚያ ጉዳቱ የመጣው በዋናነት ከጓሮ ገበያ ነው። እኛ ጋ ያለው ገበያ በሙሉ የጓሮ ገበያ ነው። እንዲህ ያለ መርዝ ነገ በአንድ ካርቶን ቢገባ ሀይሌ ጋርመንት ላይ የምናየው «የሳንባ ምች የበዛበት ወር» ብቻ ይሆናል።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት ሰውን ሲጎዳ የምንሞላው ቢጫ ቅጽ አለን። ምን ወሰደ፣ መቼ ጀመረው፣ ምን ተሰማው፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው ይላል። የተጠርጣሪውን ምርት ጥራት ጉድለትም እናሳውቅበታለን። ነፃ የስልክ መስመራችሁም አለ፤ 8482። ቅጹ ግን ለመድኃኒት የተሰናዳ ነው፤ ቬፕ ብዬ የምጽፍበት ቦታ የለውም። ትምባሆን የመቆጣጠር ሥልጣን በዚያው በአዋጅ 1112 በእናንተ እጅ ነው። እንግዲያው ቢጫውን ቅጽ ለቬፕና ለሺሻ ጉዳትም ክፈቱልን። አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም፣ አዲስ በጀትም ብዙ አይጠይቅም፤ አንድ ዓምድና አንድ ደብዳቤ ነው።

«የከለከልነውን ዕቃ ጉዳት መመዝገብ ዕውቅና መስጠት ነው» የሚል ይኖራል። ሐሰተኛ መድኃኒትም ክልክል ነው፤ ሐሰተኛ መድኃኒት የጎዳውን ሰው ግን ሪፖርት አታድርጉ ብላችሁን አታውቁም። እንዲያውም በርቱ ብላችሁናል።

ከቅጹ ጋር አንድ ነገር በግልጽ ቋንቋ አውጁልን፦ ለሐኪም፣ ለነርስ ወይም ለፋርማሲስት «ቬፕ አጨሳለሁ» ያለ ታማሚ በዚህ ምክንያት አይከሰስም፣ ስሙም ለፖሊስ አይተላለፍም። አዋጁ የከለከለው ዕቃውን ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥ መሆኑን እኔና እናንተ እናውቃለን። ልጁ አያውቅም። በሬዲዮ ይነገር፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የክሊኒክ ባለሙያዎችም ማቅለሽለሽና የልብ ምት ይዞ ለመጣ ወጣት ዊዳል ከማዘዛቸው በፊት አንዲት ጥያቄ፣ ያውም እናቱ በሌሉበት፣ እንዲያቀርቡ መመሪያ ይውረድ። አላግባብ ከሚዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የምናድነው ብቻ ድካሙን ይክሳል።

የሚያዘውንም ዕቃ ሁሉ አታቃጥሉት። ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን ወደ ላቦራቶሪያችሁ ላኩት። 5% የተባለው በእርግጥ 5 ነው ወይስ 8? ኒኮቲን የለውም የተባለው በእውነት የለውም? ውስጡ ካናቢስ ወይም ሌላ ዘይት አለ? ውጤቱን አሳትሙ። አንድ እናት ልጃቸው ኪስ ውስጥ ያገኙትን ዕቃ ምንነት ከቴሌግራም ነጋዴ ሳይሆን ከእናንተ ቢሰሙ ይሻላል። ለማቆም የሚፈልጉትም አሉ፤ ያ ልጅ አንዱ ነው። የኒኮቲን ማስቲካም ሆነ ፕላስተር በኔ መደርደሪያ ላይ የለም። ትምባሆ ለማቆም የሚረዳውን መድኃኒት ከሲጋራው ይልቅ ማግኘት የሚከብድበት ሰፈር ውስጥ «አቁም» ማለት ቀላል ምክር ነው።

እስከዚያው ድረስ ለታመማችሁ ወጣቶች በቀጥታ ልናገር፤ ባለሥልጣኑም ቢሰማው አይከፋም። አሁን ካቅለሸለሸህ፣ ካላበህ፣ ራስህን ካዞረህ ዕቃውን አስቀምጠው። ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጣና ተቀመጥ፤ ሞተር አትንዳ። ውኃ በትንሽ በትንሹ ጠጣ፤ በዚያ ሰዓት ቡናም ጫትም ይቅር። ቀላል ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ደረትህን ካመመህ፣ መተንፈስ ካቃተህ፣ ትውከቱ ካልቆመ፣ ራስህን ከሳትክ ወይም ከተንቀጠቀጥክ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዕቃውን ይዘህ ሂድ፤ ሐኪሙ ማየት አለበት። ሳልና ትንፋሽ ማጠር ቀናት ከቆየብህና ትኩሳት ከጨመረ «ጉንፋን ነው» ብለህ አትተኛበት። ማቆም ከፈለግክ የሚከብደው የመጀመሪያው 2 እና 3 ቀን ነው፤ ብስጭቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። ይህን አውቆ የሚጀምርና ሳያውቅ የሚጀምር ሰው እኩል አይጸናም። በምትኩ ሲጋራ መያዝ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ነገር። ዕቃውን ኪስ ውስጥ ካገኛችሁ ከጩኸት በፊት ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት። ፈሳሹን ትንሽ ልጅ ከዋጠው ወይም ቆዳው ላይ ከፈሰሰበት ይመርዛል፤ ሊገድልም ይችላል። ቆዳውን በብዙ ውኃ እጠቡ፣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፣ ወተት አጠጣለሁ ብላችሁ ጊዜ አታጥፉ፤ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። የዕቃውን ባትሪም እሳት አጠገብ አትጣሉት፤ ይፈነዳል።

ወደ ባለሥልጣኑ ልመለስና ልጨርስ። ያ ልጅ ሮዙን ዕቃ እኔ ጋ ትቶት ሄዷል። እናቱን «ታይፎይድ አይደለም፣ ሲፕሮውን ይተዉት፤ ልጅዎ የሚነግርዎት ነገር አለ» ብዬ ሸኝቻቸዋለሁ፤ ምን እንደተባባሉ የእነሱ ጉዳይ ነው። ዕቃው በላስቲክ ታሽጎ፣ ቀንና ምልክቱ ተጽፎበት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል። ቅጹ ከተፈቀደ የመጀመሪያውን ሪፖርት እኔ እሞላለሁ፤ ናሙና የሚረከብ ባለሙያ ከላካችሁልኝም በዚያው ቀን አስረክባለሁ። ዕቃውን ማስቀመጤ በራሱ የሚያስጠይቀኝ ከሆነ እሱንም በመልሳችሁ ላይ ግለጹልኝ። መልሱ እንደ ጥያቄዬ በአደባባይ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሌሎች መድኃኒት ቤቶችም መሳቢያ አላቸው።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት ፋርማሲስት
ሀይሌ ጋርመንት፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት
በየሰፈሩ ዊዳል ለሚያዝዙ ክሊኒኮች
አዲስ አበባ